የሐዋሳ ሐይቅ ቆሻሻ በኮምፒውተር ውስጥ ለምን ወደ ዳር ይገፋል?

ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር የከተማው ቦዮች ያገኙትን ሁሉ ጠራርገው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። አፈር አለ፣ ፌስታል አለ፣ ባዶ ሃይላንድ አለ። ጥቁር ውሃ ወንዝም የራሱን ጭኖ ይገባል። ሐይቁ ስፋቱ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የገባው ደለልና ፕላስቲክ የሚሄድበት የለውም። ወይ ይሰምጣል፣ ወይ ሲንሳፈፍ ይኖራል፣ ወይ አንዱ ዳር ላይ ይቆለላል።

የትኛው ዳር ላይ? ይህ ጥያቄ ገንዘብ ያለበት ጥያቄ ነው። የቆሻሻ መያዣ መረብ የት ይዘርጋ? የውሃ ናሙና ከየት ይቀዳ? ለጽዳት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ወዴት ይሂድ? ሁሉም መልሱን ይጠብቃሉ።

አሁን አሁን መልሱን ከኮምፒውተር መፈለግ እየተለመደ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ፤ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ ያስኬዳቸዋል። ውጤቱም ዓይን ይስባል። በሐይቁ ካርታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለቀለም ነጥቦች ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙዎቹ ዳር ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ያየ ሰው ያምናል።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ነጥቦቹን ዳር ያደረሳቸው ነፋሱና ውሃው ላይሆን ይችላል። ሒሳቡ ራሱ ገፍቷቸው ሊሆን ይችላል። ነጥቦቹን፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚወክሉትን ቅንጣቶች፣ ለማንቀሳቀስ የምንጠቀምበት የስሌት ዘዴ የራሱ የሆነ ዝንባሌ አለው። እንደ ሐዋሳ ባለ ዝግ ሐይቅ ላይ ደግሞ ይህ ዝንባሌ በቀጥታ የጠየቅነውን ጥያቄ ይነካል። ብዙ ጊዜ ዘዴውን ማንም አስቦ አይመርጠውም። ሶፍትዌሩ ሲከፈት የነበረው ምርጫ እንደነበረ ይቀጥላል።

ነጥቡ የሚሄደው እንዴት ነው?

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የፍሰት ሞዴሉ ሐይቁን በትናንሽ ሴሎች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ውሃው ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሰላል። ውጤቱን በየሰዓቱ ፋይል ላይ ያስቀምጣል እንበል። ከዚያ ሁለተኛው ፕሮግራም ቅንጣቶችን ይበትናል። እያንዳንዱ ቅንጣት ባለበት ቦታ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ከፋይሉ እያነበበ ያንቀሳቅሰዋል። ጉዞው የሚሠራው ጊዜን እየቆራረጡ ነው። አንዱን ቁራጭ የጊዜ እርምጃ እንበለው። አንድ ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል።

ቀላሉ ዘዴ የኦይለር ዘዴ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1768 ያሳተመው ነው። ቅንጣቱ የቆመበትን ቦታ ፍጥነት ይወስዳል፣ በጊዜ እርምጃው ያባዛል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አለቀ። ኮዱ አንድ መስመር ነው። ውሃው ቀጥ ብሎ በእኩል ፍጥነት ከሄደ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጣጣው የሚመጣው ውሃው ሲዞር ነው። አንድ ባጃጅ አደባባይ ሲዞር ሹፌሩ መሪውን ለጥቂት ሴኮንድ ቀጥ አድርጎ ቢይዘው፣ ከዚያ አቅጣጫውን አስተካክሎ እንደገና ቢይዘው፣ እያንዳንዱ ቀጥታ ጉዞ ከክቡ ወደ ውጭ ያወጣዋል። አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አያስገባውም። ኦይለር በሽክርክሪት ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። ነፋስ በሚነዳው ሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ጊዜ በትላልቅ ሽክርክሪቶች ይዞራል። ሬዲየሱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ እዚያ ርቀት ላይ ውሃው በሴኮንድ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሄድበት ሽክርክሪት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ስሌቱን ግን ማንም በካልኩሌተር ሊደግመው ይችላል። ውሃው እንደ አንድ አካል፣ ማለትም እንደ ጎማ ሳይፈርስ ይዞራል ብለን እንነሳ። አንድ ሙሉ ዙር ወደ 35 ሰዓት ይወስዳል። ትክክለኛው መልስ ግልጽ ነው። ቅንጣቱ ከዙሩ በኋላም ከመሃሉ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ መገኘት አለበት።

በኦይለር፣ በአንድ ሰዓት እርምጃ ስናስኬደው ግን ከመሃሉ 1.75 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በአንድ ዙር ብቻ 750 ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል! እርምጃውን ወደ 15 ደቂቃ ብናሳጥረው ስህተቱ ወደ 150 ሜትር ይወርዳል። ወደ 5 ደቂቃ ብናወርደው 48 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ደቂቃ እርምጃ እንኳ ከ9 ሜትር በላይ ይቀራል። ለዚያም ከ2,000 በላይ ጊዜ ፍጥነት ማንበብ አስፈልጎናል።

አሁን ሌላ ዘዴ እንሞክር። መጀመሪያ በግማሽ እርምጃ ወደፊት እናያለን፣ እዚያ ያለውን ፍጥነት እናነባለን፣ ሙሉውን እርምጃ በዚያ ፍጥነት እንሄዳለን። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ ይባላል። በየእርምጃው ሁለት ጊዜ ፍጥነት ያነባል። በዚያው በአንድ ሰዓት እርምጃ፣ በጠቅላላው 70 ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ከመሃሉ ባለው ርቀት ላይ ስህተቱ ከ5 ሜትር በታች ነው። ኦይለር 2,000 ጊዜ አንብቦ ካደረሰው በእጥፍ የተሻለ ማለት ነው። አራተኛው ደረጃ ሩንጌ-ኩታ ደግሞ በየእርምጃው አራት ጊዜ ያነባል። በዚሁ ርቀት ላይ የእሱ ስህተት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር ላይ 8 ሚሊ ሜትር! የሒሳብ ሊቃውንቱ ካርል ሩንጌና ማርቲን ኩታ ሐሳቡን ያዳበሩት በ1895 እና በ1901 ነበር፤ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት፣ በእጅ ስሌት ዘመን። ብዙ ቁጥር ማስላት አድካሚ ስለነበር ብልሃት ፈለጉ። ዛሬም ብልሃቱ ያገለግለናል።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ክርክር «ኦይለር ፈጣን ነው፣ የእኛ ላፕቶፕ ደግሞ አቅም የለውም» የሚል ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ተቃራኒውን ይናገራሉ። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ፣ መብራትም ሄድ መጣ የሚል ከሆነ፣ ኦይለርን ለመተው የበለጠ ምክንያት አለን። ለተመሳሳይ ጥራት የሚጠይቀው ሥራ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና።

ስህተቱ ወዴት ያዘነብላል?

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «በሐይቅ ውስጥ ውሃው ይናወጣል፣ ቅንጣቶቹም በዘፈቀደ ይበተናሉ። 150 ሜትር ስህተት በዚያ ውስጥ ይጠፋል» ይላል። ነጥቡ ጠንካራ ነው። ሞዴሎች ይህን ነውጥ የሚያስገቡት በየእርምጃው ቅንጣቱን በዘፈቀደ ትንሽ በመግፋት ነው። የአግድሙ የስርጭት መጠን በሴኮንድ 0.1 ስኩዌር ሜትር ነው ብንል፣ በ35 ሰዓት ውስጥ ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው ወደ 158 ሜትር ይበተናሉ። በ15 ደቂቃ እርምጃ ኦይለር ከሚፈጥረው ስህተት ጋር እኩል ሊባል ይችላል።

ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ነው። የዘፈቀደው ግፊት ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ነው። የኦይለር ስህተት ግን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። ጊዜ ሲረዝም ልዩነቱ ይጎላል። በአሥር ዙር፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የዘፈቀደው ስርጭት ወደ 500 ሜትር ያድጋል። ኦይለር ግን 1 ኪሎ ሜትር ላይ የነበረውን ቅንጣት 4 ኪሎ ሜትር ላይ ያደርሰዋል። ሐዋሳ ሐይቅ ወርዱ ስምንት፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከመሃል 4 ኪሎ ሜትር ማለት ዳር ማለት ነው።

እውነተኛ ሽክርክሪት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይለወጥ አይቆይም። ነፋሱ ይቀየራል፣ ሽክርክሪቱ ይፈርሳል፣ ሌላ ይፈጠራል። ስለዚህ ስህተቱ እንደ ምሳሌዬ ንጹሕ ሆኖ አይታይም። አዲሱ ሽክርክሪት ውስጥም ግን ኦይለር እንደገና ወደ ውጭ መግፋቱን አይተውም። ጥያቄያችን «ስንቱ ቅንጣት ዳር ይደርሳል?» ሲሆን፣ ሁሉን ወደ ዳር የሚገፋ ዘዴ መጠቀም መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። ጥያቄያችን «ከአንድ ሰዓት በኋላ በጠቅላላው ወዴት ያመራል?» ቢሆን ኖሮ ኦይለር ራሱ ይበቃን ነበር። ዘዴን የምንመርጠው ለምንጠይቀው ጥያቄ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ኋላ ስሌት ላይም ይኸው ይመጣል። በሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል አጠገብ የተገኘ ቆሻሻ ከየት መጣ ብለን ጊዜውን ወደ ኋላ እናስኬዳለን። ሰዎች ኦይለር ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይመልሳል ብለው ይገምታሉ። አይመልስም። ወደ ኋላም ሲሄድ ወደ ውጭ ይገፋል። በአንድ ሰዓት እርምጃ አንድ ዙር ሄዶ አንድ ዙር የተመለሰ ቅንጣት ከ1 ኪሎ ሜትር ተነስቶ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። እንዲያውም ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የዘፈቀደውን ግፊት አጥፍተን ቅንጣቶቹን ወደ ፊት እንላክ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እንጥራቸው። መነሻቸው ላይ ካልተመለሱ ዘዴው ወይም እርምጃው አልበቃም ማለት ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ቴሲስ ከመጻፉ በፊት ማንም ሊሠራው ይገባል።

አራተኛ ደረጃ ሁሌ አራተኛ ደረጃ አይደለም

ታዲያ አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታን መርጠን እንገላገል? እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ። ያ 8 ሚሊ ሜትር የተገኘው ፍጥነቱ በሁሉም ቦታ በቀመር በሚታወቅበት ልስልስ ሽክርክሪት ውስጥ ነው። በእውነተኛው ሥራ ፍጥነቱን የምናውቀው በሴሎቹ ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን በኢንተርፖሌሽን እንገምታለን። የተለመደው ቀጥታ ኢንተርፖሌሽን ከሴል ወደ ሴል ሲሻገር ስሎፑ (የፍጥነቱ የለውጥ መጠን) በድንገት ይሰበራል። በጊዜም እንዲሁ፤ በየሰዓቱ የተቀመጠ ዳታ በየሰዓቱ ይሰበራል። አራተኛው ደረጃ የሚባለው ብቃት ግን ፍጥነቱ ልስልስ መሆኑን ይጠይቃል። ስብራት ላይ ሲደርስ ብቃቱ ይወርዳል።

የጊዜውን ስብራት ማለፍ ቀላል ነው። የጊዜ እርምጃው የዳታውን ክፍተት እኩል የሚያካፍል ይሁን። ዳታው በየሰዓቱ ከሆነ 10 ወይም 15 ወይም 20 ደቂቃ ጥሩ ነው፤ 25 ደቂቃ ግን አንዳንዱን እርምጃ ስብራቱ ላይ ያስቀምጠዋል። እርምጃውን እንደ ሁኔታው ራሱ የሚያሳጥርና የሚያስረዝም ዘዴም አለ። እሱ ስብራት ሲያገኝ ስህተቱ የጨመረ እየመሰለው እርምጃውን እያሳጠረ ጊዜ ያባክናል። ስብራቱ የት እንዳለ ከተነገረውና እዚያ ላይ ቆሞ እንደገና እንዲነሳ ከተደረገ ግን በጣም ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

የቦታው ኢንተርፖሌሽን ይበልጥ ያሳስበኛል። የፍሰት ሞዴሉ ወደ እያንዳንዱ ሴል የገባው ውሃ ከወጣው ጋር እንዲመጣጠን ተጠንቅቆ ይሠራል። እኛ ከዚያ ፍጥነቶቹን አውጥተን እንዳሻን ስናማክላቸው ይህ ሚዛን ሊፈርስ ይችላል። ያኔ ቅንጣቶች ያለ ምክንያት አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ ወይም ይሸሻሉ። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎች ለዚህ ቆንጆ መፍትሔ አላቸው። ዴቪድ ፖሎክ በ1988 ያቀረበው ዘዴ በሴሉ ግድግዳዎች ላይ ያለውን ፍጥነት እንዳለ ይወስዳል። ቅንጣቱ በየትኛው ግድግዳ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ በቀመር ያሰላል። የጊዜ እርምጃ የሚባል ነገር የለም፤ የውሃው ሚዛንም አይፈርስም። የፍሰት ሞዴላችን ፍጥነቱን የሚያስቀምጠው በግድግዳዎቹ ላይ ከሆነ ለሐይቅም የሚሆን ሐሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ነፋሱ አለ። ብዙ ተማሪ የሚጠቀመው ኢራ ፋይቭ የተባለውን የአውሮፓውያኑን የአየር ዳታ ነው። በየሰዓቱ ይገኛል፣ ነፃ ነው። ግሪዱ (የዳታ ነጥቦቹ መረብ) ግን ሩብ ዲግሪ ነው፤ በእኛ አካባቢ አንዱ ክፍተት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በርዝመቱ እንኳ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሐይቁ በሙሉ አንድ ዓይነት ነፋስ ነው የሚነፍስበት። ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ማታ ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው የአካባቢው ነፋስ፣ ታቦርና አላሙራ ተራሮች የሚያመጡት ለውጥ፣ ይህ ሁሉ የለም። እንዲህ ባለ ዳታ ላይ ሁለተኛውን ደረጃ ትቶ ለአራተኛው መጨነቅ ትርፉ ትንሽ ነው። ለሐይቅ ሥራ የእኔ ምርጫ ሁለተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ እርምጃ ጋር ነው። አራተኛውን ቢጠቀሙም ጉዳት የለውም፤ ጊዜው ትንሽ ይጨምራል እንጂ።

ወደ ላይና ወደ ታች

እስካሁን ስለ አግድሙ ጉዞ ነው ያወራነው። ብዙም የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የከፋው ስህተት በቁመቱ በኩል ነው ያለው። ለደቃቅ ፕላስቲክ፣ ለደለልና ለአልጌ በውሃው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች መደባለቅ ወሳኝ ነው። የሚደባለቅበት ኃይል ግን በሁሉም ጥልቀት እኩል አይደለም። በመካከል ይበረታል፣ ከላይ ወለሉና ከታች ወለሉ አጠገብ ይደክማል ብለን እናስብ።

አሁን የተለመደውን የዘፈቀደ እርምጃ እናስኬድ። ቅንጣቱ መካከል ላይ ሲሆን በትልልቁ ይዘላል። አንዱ ዝላይ ጸጥ ወዳለው ቦታ ያስገባዋል። እዚያ ሲደርስ ዝላዩ ትንሽ ይሆንበታል፤ መውጣት ያቅተዋል። ሌላው ይመጣል፣ እሱም ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ቅንጣቶቹ ላይኛውና ታችኛው ወለል አጠገብ ይከማቻሉ። ይህ በተፈጥሮ የለም። በደንብ የተደባለቀ ውሃ ራሱን አይለይም። የፈጠረው ቀመሩ ነው።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ከዘፈቀደው ዝላይ በተጨማሪ ቅንጣቱን መደባለቁ ወደሚበረታበት አቅጣጫ ትንሽ መግፋት ያስፈልጋል። የግፊቱ መጠን የመደባለቅ ኃይሉ ከጥልቀት ጋር የሚለወጥበት ስሎፕ በጊዜ እርምጃው ተባዝቶ ነው። የዝላዩን መጠንም ቅንጣቱ ካለበት ቦታ ሳይሆን በዚህ ግፊት ግማሽ ያህል ከተሻገረ ቦታ ላይ ማንበብ አለብን። ተመራማሪው ቪሰር በ1997 ያሳየው ይህንን ነው። ኮዱ ላይ የሚጨምረው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

የጊዜ እርምጃውም የተለየ ነው። ጥልቀቱ 11 ሜትር፣ ትልቁ የመደባለቅ መጠን በሴኮንድ 0.01 ስኩዌር ሜትር፣ ቅርጹ ፓራቦላ ነው ብንል፣ እርምጃው ከ25 ደቂቃ በጣም ማነስ አለበት። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። ለአግድሙ የበቃው 15 ደቂቃ ለቁመቱ አይበቃም። ስለዚህ በአንዱ የአግድም እርምጃ ውስጥ ብዙ ትናንሽ የቁመት እርምጃዎችን ማስኬድ ይሻላል።

የዚህ ስህተት ክፋት ከመጀመሪያው ጋር መደመሩ ነው። ቅንጣቶች በሐሰት ወደ ላይኛው ወለል ከተሰበሰቡ ነፋሱ በቀጥታ ይነዳቸዋል፤ ላይኛው ውሃ ከታችኛው ይፈጥናልና። ነፋሱ የሚነዳው ደግሞ ወደ ዳር ነው። ኦይለር በአግድሙ ወደ ዳር ይገፋል፣ ያልታረመው ዝላይ በቁመቱ ወደ ላይ ያወጣል፣ ሁለቱም ተደጋግፈው ያው ካርታ ላይ ዳር ዳሩን በነጥብ ይሞሉታል። ካርታው ሲታይ ደግሞ እውነት ይመስላል፤ ዳር ላይ ቆሻሻ እንዳለ ሁላችንም በዓይናችን አይተናልና።

ፈተናው ቀላል ነው። ቅንጣቶችን ከላይ እስከ ታች እኩል በትኖ፣ ፍሰቱን አጥፍቶ፣ መደባለቁን ብቻ አንድ ቀን ማስኬድ። መጨረሻ ላይም እኩል ተበትነው መገኘት አለባቸው።

ስለ ደለልና ስለ ሃይላንድ

ጥቁር ውሃ የሚያመጣውን ደለል በተመለከተ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ «ቅንጣቱ ክብደት አለው» ብሎ ሙሉውን የኃይል ቀመር ይፈታል። 20 ማይክሮ ሜትር የሆነች የደለል ቅንጣት ግን ፍጥነቷን ከውሃው ጋር የምታስተካክለው በ60 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ነው። ይህን ቀመር በተለመደው ኦይለር የሚፈታ ሰው ከ0.12 ሚሊ ሴኮንድ የበለጠ እርምጃ ቢወስድ ቁጥሩ ይፈነዳበታል። አንድ ቀን ለማስላት ከ700 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ማለት ነው፣ ለአንዲት ቅንጣት። አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታም እዚህ ላይ ብዙ አያድንም። የሚያድነው ወደ ፊት ያለውን ፍጥነት በቀመሩ ውስጥ የሚያስገባው ኢምፕሊሲት ዘዴ ወይም የመጎተቻውን ክፍል (ውሃው ቅንጣቷን የሚጎትትበትን ኃይል) በቀመር የሚፈታው ዘዴ ነው። እንደ ፍሉዌንት ያሉ የኢንዱስትሪ ሶፍትዌሮች እንዲህ ያሉ ምርጫዎች ያላቸው ለዚህ ነው።

ለሐይቁ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያቀለው ቀመሩን መተው ነው። ደለሏ ከውሃው ጋር እኩል ትሄዳለች እንበል፣ የመስመጫ ፍጥነቷን ብቻ እንጨምርላት። ለዚያች 20 ማይክሮ ሜትር ቅንጣት በሴኮንድ 0.36 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ጸጥ ባለ ውሃ 11 ሜትር ለመስመጥ ስምንት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋታል። 

ሃይላንድ ሌላ ታሪክ ነው። ባዶው ጠርሙስ አብዛኛው አካሉ ከውሃ በላይ ስለሆነ ነፋሱ በቀጥታ ይገፋዋል። የተለመደው አሠራር ከነፋሱ ፍጥነት ጥቂት ፐርሰንት መጨመር ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢሆንና 3 ፐርሰንት ብንወስድ፣ በሴኮንድ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከውሃው 5 ሳንቲ ሜትር በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ለሃይላንድ ያቺ የፐርሰንት ቁጥር ከማንኛውም የስሌት ዘዴ በላይ ትወስናለች። 2 ነው ወይስ 4 የሚለውን ሁለቱንም አስኬዶ ማሳየት የግድ ነው።

ምርጫው የት ይጻፍ?

ኦፕን ድሪፍት የተባለው የኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋም ሶፍትዌር ለእንዲህ ያለ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። ኦይለርንም፣ ሁለተኛና አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታንም ይዟል። ዲፎልቱ (ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚገኘው ምርጫ) ግን ኦይለር ነው። ለመቀየር አንድ መስመር ይበቃል፤ ያንን መስመር መኖሩን የማያውቅ ሰው ግን አይቀይረውም። ኦሽን ፓርስልስ የተባለው ሌላ ሶፍትዌርም በርካታ ዘዴዎች አሉት፤ እዚያ ተጠቃሚው የዘዴውን ስም ራሱ ስለሚጽፍ ቢያንስ ምን እንደመረጠ ያውቃል።

በየቴሲሱና በየሪፖርቱ ውስጥ እንዲጻፍ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የትኛው ዘዴ፣ በስንት ደቂቃ እርምጃ፣ በምን ኢንተርፖሌሽን፤ እርምጃው በግማሽ ሲቀነስ ዳር የደረሰው ብዛት ስንት እንደሆነ። የዘፈቀደ ግፊት ካለ የአንድ ቅንጣትን መንገድ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ድምሩን ነው ማወዳደር። ለዚያም በቂ ቅንጣት ያስፈልጋል። ከ10,000 ውስጥ 1,000 ዳር ቢደርሱ የዕድሉ መዋዠቅ 30 ገደማ ነው። ከ100 ውስጥ 10 ቢደርሱ ግን መዋዠቁ 3 ነው፤ ከውጤቱ ሲሶ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር የትኛው ዘዴ ይሻላል ብሎ መከራከር አይቻልም። ገምጋሚዎችም ባለቀለሙን ካርታ ከማድነቃቸው በፊት ይህን ይጠይቁ።

ዳሩ ራሱም ሕግ ይፈልጋል። ቅንጣቱ የብስ ሲነካ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? ብዙ ሶፍትዌር እንዲቀር ያደርገዋል። እርምጃው ረጅም ከሆነ ወደ ሐይቁ ገባ ባለ መሬት ዙሪያ ማለፍ የነበረበት ቅንጣት ቀጥ ብሎ ሄዶ የብስ ላይ ይወጣል፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቅንጣት በአንድ እርምጃ ከአንድ ሴል በላይ እንዳይሻገር ማድረግ ያስፈልጋል። መካከል ሐይቅ ላይ 250 ሜትር ሴልን በ5 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ለማቋረጥ ከ80 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ አያሳስብም። ወንዝ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን ሴሉ 20 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። እርምጃው ለዚያ ቦታ መቆረጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከውሃው ጋር መፋጠጥ ነው። ጥቂት ተንሳፋፊዎችን፣ ከሥራቸው ውሃው እንዲይዛቸው መስቀለኛ ሸራ ያላቸው፣ ከላያቸው ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ጂፒኤስ የያዙ፣ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ጠዋት መልቀቅና ማታ መሰብሰብ ይቻላል። የሞዴሉ ቅንጣቶች ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይነሱ። እርምጃውን በግማሽ ስንቀንስ የሞዴሉ መንገድ የሚለወጠው በ5 ሜትር ሆኖ ተንሳፋፊው ግን በ800 ሜትር ከራቀ፣ የስሌት ዘዴውን መነካካት ማቆም አለብን። ቀጣዩ ወጪ ለነፋስ መለኪያ ነው፤ አንዱ በከተማው በኩል፣ ሌላው በማዶው ዳር።